ከራሷ በስተኋላ

እሑድ፣ ከቁርስ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ተረጂልኝ። ልጅሽ ከእኔ ጋር ናት፤ እኔ ስጽፍ እሷ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ እርሳስ ትቀርጻለች። የሰርቪሱ ሾፌር አደረሰባት ያልኩሽ ነገር እውነት ነው። ጥፋቱም የእሱ ነው፤ የእሷ አይደለም፣ የአንቺም አይደለም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው፤ ከዚያ ወደ ታች ውረጂ።

በስልክ ስነግርሽ ገና ግማሽ ሳልደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብዬ ደጋግሜ ደወልኩ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። የላክሁልሽን መልእክት እንዳየሽው ግን ምልክቱ ይነግረኛል፤ ጎረቤታችን ነርሷ አስተምራኛለች። ስለዚህ ኔትወርክ አይደለም። አልቆጣሽም። ክፉ ወሬ የመጣበት ሰው መጀመሪያ ጆሮውን ነው የሚይዘው። ነገር ግን ሳትሰሚው ሊቀር የማይገባ ነገር ስላለ በወረቀት አደረግሁት። ወረቀት አይቋረጥም። የነርሷ ወንድም ወደ አንቺ አገር ስለሚመጣ በእጅሽ ያስረክብሻል፤ በእጅሽ ካልሆነ እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ከመነሻው ልጀምር። ነገር ከመሀል ሲጀመር እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ሾፌሩን ሰፈሩ ሁሉ «ደቂቃ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የልጆቹ እናቶች ናቸው፤ የሰርቪሱ ክላክስ ከተሰማ ድስት የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ሰው አክባሪ ነው፣ ልጆቹን በስማቸው ያውቃል፣ ዝናብ ሲጥል ደብተራቸውን በላስቲክ ይሸፍንላቸዋል። ይህን የምጽፈው ላመሰግነው አይደለም። የፖሊስ መርማሪዋ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ ያልኳት ይህንኑ ስለሆነ ነው። እሷም ጽፋ ስትጨርስ፣ «አዎ፣ እንዲህ ናቸው» አለችኝ።

የእኛ ቤት ከትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ፍንጭት ያልሻት ልጅሽ ከመጀመሪያዎቹ ጋር፣ ከመንትዮቹ ተማሪዎች ቀድማ ነበር የምትወርደው። በኋላ መጨረሻ ወራጅ ሆነች። ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ። የእኔ ስልክ ድምፅ እንጂ መልክ አያሳይም ነበር። የአንቺ የዕረፍት ሰዓት ደግሞ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከሚወጡበት ጋር ይገጥማል። ያኔ ደቂቃ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ እናትና ልጅ ሳይተያዩ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ የእኔ ስልክ ምን ይሠራል? ሌሎቹን ላድርስና እሷን በመጨረሻ፣ በጸጥታ፣ ከእናቷ ጋር እያወራች አመጣታለሁ» አለ። ያቀረበው እሱ ነው። የተቀበልነው ሁላችን ነን። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያላት አንቺና እኔ ብቻ ነን፤ አንቺም ያለሽው ስክሪን ውስጥ ነው። እንዴት እምቢ ይባላል?

ያን ጊዜ ደስታሽ ወሰን አልነበረውም። አንሶላ ከምትተኩሺበት ክፍል ወጥተሽ ደረጃው ሥር ቁጭ ብለሽ እንደምታዪያት ነግረሽኛል። ተቆጣጣሪሽ ፊሽካ በአንገቷ አንጠልጥላ እንደ ስፖርት መምህር ትነፋለች፣ «እኔም ስልኩን አንሶላ ክምር ውስጥ እወረውረዋለሁ» ብለሽ ሆዴን እስኪያመኝ አስቀሽኛል። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እስከ በራችን ድረስ ነው የማደርሳት፣ እማዬ። እጇን ይዤ እንደማወርዳት ነው» አልሽኝ። ሁለቱንም አስታውሳለሁ። ማስታወስ አመሌ ነው፤ የድሮ ተማሪዎቼ ይህን አመሌን አይወዱትም።

ከዚያ ደቂቃ ማርፈድ ጀመረ። ብዙ አይደለም። አንድ ቀን በሩ ላይ፣ «ምነው፣ ስምህን ልንቀይርልህ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። «ቲቸር፣ የእናትና የልጅ ወሬ በምን ይለካል! ማሚዋ አልለቅ ብላት እኮ ነው» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ልጅቷ በመካከላችን አልፋ ወደ ቤት ገባች፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

ቆይቶ ደግሞ ያ እሑድ እሑድ የሚሆነው መጣ። አንቺ በእኔ ስልክ ትደውያለሽ፣ እሷ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ትጠሪያታለሽ፣ «ሆዴን አሞኛል» ትላለች። አንድ ጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ባደርግላት ጣቶቿን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። አንቺም እያለቀስሽ፣ «ረሳችኝ፣ እማዬ። ጠላችኝ» አልሽ። ልጅ እንዲህ ነው፣ ያልፋል አልኩሽ። በኋላም መኪናው ውስጥ፣ «ዛሬ ከማሚ ጋር አላወራም፣ መጀመሪያ አውርደኝ» ብላው እንደነበር ነግራኛለች። እሱም፣ «ማሚሽ ታዝንብሻለች» አላት።

ልጄ፣ ይህን በደንብ አንብቢው። ልጅሽ አልጠላችሽም። ከዚያ መኪና ቀድሞ ለመውረድ የምትከፍለው ሌላ ነገር ስላልነበራት አንቺን ሰጠች። የነበራት ትልቁ ነገር አንቺ ነበርሽ።

እንዴት እንደተናገረች ልንገርሽ፤ በስልክ ያልደረስኩበት ክፍል ይህ ነው። ነርሷ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ለእኔ ሰጠችኝ። መልክ የሚያሳይ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ፣ እሷ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «ነይ እስኪ፤ ከእንግዲህ ማሚን እዚሁ ቤት ቁጭ ብለሽ ነው የምታያት» አልኳት።

ስልኩን እንጂ እኔን አላየችም።

«እዚህ ቤት?»

«እዚህ ቤት።»

«በእሱ ስልክ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ቀድሜ መውረድ እችላለሁ? መንትዮቹ ሳይወርዱ?»

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና አውጥቻለሁ። አንድ ጥያቄ መልሱን በሆዱ ከያዘ ጥያቄ አይደለም፣ ማሳሰቢያ ነው እያልኩ ስንቱን ወጣት መምህር አስለቅሻለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ውስጥ የመጣው ጥያቄ ሁሉ መልሱን በሆዱ የያዘ ነበር። አንዱንም አልጠየቅሁም። «ትችያለሽ» አልኳት። ከዚያ አንድ ድንች ሰጠኋትና፣ «ከዚያስ?» አልኳት።

ለድንቹ ነው የነገረችው። ለእኔ አይደለም። እኔ ቢላዬን አላቆምኩም። ባቆም ኖሮ ትፈራና ታቆማለች። በቆመች ቁጥር «ከዚያስ?» እላለሁ፣ ትቀጥላለች። ስትጨርስ ቀና ብዬ ሳይ የያዝኩት ድንች ተልጦ ተልጦ ጥፍር አክሏል። «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ። ጥፋት አላጠፋሽም። ዳግመኛ ያ መኪና ውስጥ አትገቢም» አልኳት። እሷም፣ «ማንም እንዳይሰማ ብሎኝ ነበር። ከተናገርሽ ማሚ ስልክ አይኖራትም ብሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ የቤት ሥራዋ ወዳለበት ተመለሰች፤ የቀራት ሁለት ማባዛት ነበር፣ ሠራችው። ልክ ነበር።

የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ሐኪሟ ሰምታዋለች፣ መርማሪዋ ሰምታዋለች፣ ሌላ ሰው ሊሰማው አይገባም፤ የእሷ ነው። ሐኪሟ በእርጋታ ነው ያየቻት፤ እያንዳንዱን ነገር ከመንካቷ በፊት ፈቃድ ትጠይቃታለች። ሰውነቷ ይድናል ብላናለች። ሌላው ጊዜ ይፈልጋል አለች። ምን ያህል ጊዜ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሐኪሟን ያልጠየቅኋት ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

እሱን ያዙት፣ ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። ወደ እኛ መንገድ እንዳይደርስ ታዟል። መኪናው ቆሟል። መኪናው በመቆሙ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እኔ ላይ ተነሥቷል።

ልብስ ሰፊዋን ታውቂያታለሽ፤ ያቺ የሰርግ ቀሚስሽን ያጠበበችልሽ። ሱቋ በር ላይ ሴቶች ሰብስባ ሳልፍ ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ በአንድ ልጅ ቃል የስንቱ ልጅ መኪና ይቆማል? እኔ አሁን ይሄን መርፌ ጥዬ የማን ልጅ ላመላልስ?»

«እግር አላቸው» አልኳት።

«እሱስ ቢሆን ልጆች የሉትም? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰሙም?»

«የልጅ ቃል ሳርም ነው ያረጀሁት። ከጎረቤት የተቀዳውንና ከራስ የወጣውን በጠረኑ እለየዋለሁ።»

ሌላዋ ከጥግ ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ገመና ነው እኮ፣ ቲቸር። ነገ ልጅቷ ሴት ትሆናለች፣ ባል ታገባለች። ሸፈን ማድረግ ነው» አለች።

«ገመናው የእሱ ነው። እኔ የምሸፍንበት ነጠላ የለኝም» አልኩና ልሄድ ስል፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ፣ «እስኪ አሁን ያ ሁሉ ልጅ ምን ሆነ? ደህና አይደሉም?» አለች።

ተመለስኩ። «መኪናው ባይቆም ኖሮ፣ በፍንጭት ፈንታ ከእነሱ የትኛዋ መጨረሻ ትወርድ ነበር?» አልኳት።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ይዛ ወደ ሱቋ ገባች።

በማግስቱ ገና ልጅቷን አድርሼ ስመለስ ልብስ ሰፊዋ በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ጣቷ ላይ የስፌት ቆቧ እንዳለ ነው፤ ማውለቅ ረስታለች። ግቢ ብላት አልገባችም። የራሷ ልጅ፣ ትልቋ፣ ባለፈው ዓመት ሰርቪሱን ትታ በእግሯ መሄድ ጀምራ እንደነበር ታስታውሽ ይሆናል፤ መኪና ያጥወለውላታል ተብሎ። ከፍንጭት በፊት መጨረሻ ወራጇ እሷ ነበረች።

«ቲቸር» አለች። «እንዴት ብለው ነው የጠየቋት?»

«አልጠየቅኋትም» አልኳት።

«እንዴት?»

«ቁልፍ የሚተከልበት ልብስ ስጫት። ከጎንሽ ትቀመጥ፣ ፊት ለፊት አይደለም። ዓይኗን አትዪ። አትቸኩይ፣ አታልቅሺ፣ 'እንዲህ አደረገሽ ወይ' አትበዪ። ከተናገረች 'ከዚያስ' በዪ። ዛሬ ካልተናገረች ነገም ቁልፍ አለ።»

አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሱቋን አልከፈተችም። ከልጇ ምን እንደሰማች አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። የማውቀው ሴቶቹ አሁን ሳልፍ ዝም እንደሚሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

የሾፌሩ ሚስት ቤቴ መጣች። ልግባ አላለችም፣ ግን አስገባኋት፤ ሴትዮዋ ምንም አላደረገችም፣ ይህን የሠራው ሰው ሚስት መሆኗ ብቻ ነው። ፊቷ ከስቷል። ከቦርሳዋ አንድ የእጅ ሰዓት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አወቅሁት። አንቺ ለደቂቃ የላክሽለት ነው።

«ልጅዎ ናት የላከችለት። ሰው ሳታምነው ሰዓት ትልካለች?»

«አምናው ነበር። ሁላችንም አምነነው ነበር» አልኳት።

«እሱ አንድም ቀን ከልጅቷ ጋር ብቻውን አልነበረም፣ ቲቸር። ስልኩ እስከ በራችሁ ድረስ ክፍት ነበር። እናትየው እያየች ነው የመጣው። ደውዬላት ጠይቄያታለሁ። እያለቀሰች 'እስከ በራችን ድረስ አብሬያት ነበርኩ' ብላኛለች። ቀርባ ቃሏን ትሰጣለች።»

ልጄ፣ የእኔን ስልክ ሳታነሺ የእሷን ማንሳትሽን ሰማሁ። ይህን ጽፌ እርሳሴን አስቀምጬ ነበር፤ ፍንጭት መጥታ ቀርጻልኝ ሄደች። እቀጥላለሁ።

ያለችውን አላመንኳትም፣ አልካድኳትምም። ያልሽው ከሆነ ከአንቺ እሰማዋለሁ ብዬ ሰዓቱን መለስኩላት። አልወሰደችውም። አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ፤ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፤ ለመርማሪዋ እሰጠዋለሁ።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቅርብ ነው። የእሱ መከላከያ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል፤ ስልኩ ክፍት ነበር፣ እናት ታይ ነበር፣ ምንም ሊሆን የሚችልበት ጊዜ አልነበረም። ስልኩ ደግሞ ጠፍቶብኛል ይላል። ፍንጭት ስልኩ መቼ መቼ ይዘጋ እንደነበር፣ መኪናውም የት እንደሚሆን ለመርማሪዋ ተናግራለች። ምን እንዳለች አልነግርሽም። መርማሪዋ እንዳልነግርሽ አስጠንቅቃኛለች፤ እሷ ባታስጠነቅቀኝም አልነግርሽም ነበር። የአንቺ ቃል የአንቺ መሆን አለበት። ከእኔ የተቀዳ ቢሆን ልጅሽን አይጠብቃትም፤ የእሱ ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ይንደዋል።

የተደዋወላችሁበትን መዝገብ ከስልክሽ እንዳታጠፊ። ነገር ግን መዝገብ ምን ያህል እንዳወራችሁ እንጂ መኪናው የት እንደነበረ አይናገርም። ያንን የምታውቁት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፤

ቻው ተባብላችሁ ስክሪኑ ከመጥቆሩ በፊት፣ ከራሷ በስተኋላ፣ በመስኮቱ ምን ይታይሽ ነበር?

በመንገዱ ላይ ያለውን አልዘረዝርልሽም። ምርጫ ያለው ጥያቄ ወድጄ አላውቅም፤ የማያውቅም ሰው ገምቶ ያልፍበታል። ያየሽውን ጻፊ። ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሚንቀሳቀሰውን። ቀን ከቀን የተለያየ ከሆነ ያንኑ ጻፊ። ካላስታወስሽ «አላስታውስም» በዪ፤ ባዶ መስመር ከተገመተ መልስ ይሻላል። የታየሽ የእኛ በር ከሆነ ደግሞ በሩን እንደታየሽ አድርገሽ ጻፊልኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በሩ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ያየ ሰው ያውቀዋል። እውነቱ በሩ ከሆነ፣ እሱን የሚጠቅም ቢሆንም፣ በእነዚህ እጆቼ ይዤ ለመርማሪዋ አደርሰዋለሁ። እናትሽን ታውቂያታለሽ፤ ለገዛ ልጇ ግማሽ ነጥብ ጨምራ አታውቅም። ስምንተኛ ክፍል እያለሽ በዚህ ተኮራርፈን ነበር።

መልስሽ የትኛውም ይሁን፣ ልጄ ነሽ። ሩቅ ላለ ሰው ልጁን የሚያይበት መስኮት ቢከፈትለት ዓይኑን አይከድንም። መስኮቱን የከፈተው ሌባ ከሆነ ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም። አንቺ አንሶላ እየተኮስሽ ያሳደግሻት ልጅ ናት፤ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ማድረግ የሚችለውን አድርገሻል፣ ከሚቻለው በላይ ያደረግሽ ለማስመሰል አትገደጂ። ለእኔ በተለይ አትገደጂ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያላየሁትን አንቺ ከባሕር ማዶ እንድታዪ ማንም አይጠብቅም።

ስለ እሷ ደግሞ ይህን ያህል ልንገርሽ። በእግራችን እንሄዳለን። በግድግዳው በኩል እሷ፣ በመንገዱ በኩል እኔ። ክላክስ ሲሰማ እጄን ትጨብጣለች፣ ከዚያ ትለቃለች። ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ መቀመጥ ትፈልጋለች፤ መምህርቷን አነጋገርኳት፣ ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፣ ወንበሩን ብቻ ለወጠችላት። ጥሩ መምህርት ናት። የምግብ ፍላጎቷ እየተመለሰ ነው። ሥዕል ትቀባለች፣ ሰው ግን አትስልም፤ ድመት ትስላለች፣ ድመቶቹም ሁሉ በር ሥር ናቸው። በየሳምንቱ የምታነጋግራት ባለሙያ አለች፤ እዚያ ስትሄድ አትፈራም። ትናንት አንድ ቀልድ ነገረችኝ፤ ዝሆን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ የሚለውን። ሳትጨርሰው ራሷ ሳቀች። ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶኝ አጠገቤ ያለውን ወንበር ይዤ ቆምኩ።

ያ ፍንጭት ያልሽበት ጥርስ ደግሞ በቅሏል። ሌላ ስም ልትፈልጊላት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የከበደኝ ስለሆነ ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ከተናገረች ወዲህ ልታይሽ ትፈልጋለች። ራሷ ናት የምትጠይቀኝ። «አሁን ማሚ ዕረፍት ላይ ናት? እንደውልላት?» ትላለች። መርማሪዋ ቃልሽን ጽፈሽ እስክትልኪ ድረስ ሁለታችሁ እንዳትነጋገሩ ብላለች፤ አንዳችሁ የሌላችሁን እንዳትሰሙ። እኔም «ቆዪ፣ ጥቂት ቆዪ» እላታለሁ። አዲሱ ስልክ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ እሷ በየቀኑ ቻርጅ ታደርገዋለች። ትናንት ገመዱን ስትሰካ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ማሚ ስለተናገርኩ ተቀይማኝ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄው መልሱን በሆዱ ይዞ ነበር። «አይደለም። ማሚ እያሰበች ነው» አልኳት። ከአንቺ ሳልሰማ ስለ አንቺ መለስኩላት። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ። እጅሽን ከካውያው ይጠብቅልሽ። የሠራሽበትን ብዪበት፣ ያለቀስሽበትን ሳቂበት ይበልሽ። ባለሽበት የሰው ፊት ያሙቅሽ፣ እኔም ሳልሞት በዚህ በር ስትገቢ ልይሽ።

እናትሽ

ዛሬ ይህ ደብዳቤ በእጅሽ እንደገባ፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ፣ ቁጭ ብለሽ ያየሽውን ጻፊልኝ። ፎቶ አንሥተሽ ላኪው፤ ዋናውን ለነርሷ ወንድም ስጪው። ከዚያ ደውዪላት። ፈጥነሽ መልሺልኝ፣ ልጄ፤ ውሸታም አታድርጊኝ።